እየደማ ያለ ሰው ለምን ደም ማቅጠኛ ይሰጠዋል?

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲነሳ እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ አሜባ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ይህን በየጊዜው እሰማለሁ። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። አሜባ አለ፣ ሺጌላ የሚባለው ባክቴሪያም አለ። ውሃ በጠፋ ሰሞንማ ይብሳል። ግን አንዳንድ ሰው አለ፤ ሰገራው ተደጋግሞ ቢመረመር ምንም ተውሳክ አይገኝበትም። ሜትሮኒዳዞል ይውጣል፣ ትንሽ ቀለል ይለዋል፣ ደሙ ተመልሶ ይመጣል። ክብደቱ ይቀንሳል። ፊቱ ይገረጣል። ሌሊት ከእንቅልፉ እየተነሳ ሽንት ቤት ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ሰው አምስተኛ ዙር የአሜባ መድኃኒት አያስፈልገውም። አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ መታየት አለበት።

ከእነዚህ ሰዎች የተወሰኑት ያለባቸው ተላላፊ በሽታ አይደለም። የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ አንጀታቸውን እያስቆጣው ነው። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ይሉታል። ሁለት ዋና መልክ አለው። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚይዘው ትልቁን አንጀት ብቻ ነው። ከታች ከፊንጢጣ አጠገብ ይጀምርና ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚጎዳውም በዋናነት ውስጠኛውን ሽፋን ነው። ክሮንስ ግን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል። አንዱን ቦታ ይይዛል፣ ቀጥሎ ያለውን ጤነኛ ይተዋል፣ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ቦታ ይይዛል። የአንጀቱን ግድግዳም ዘልቆ ይገባል። ስሙን ያገኘው በ1932 ኒውዮርክ ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ስለ በሽታው ከጻፈው ከሐኪሙ በሪል ክሮን ነው (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክሮንስ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። የአንጀት ቲቢም የሚመርጠው ይህንኑ ቦታ ነው። በኛ አገር ሁለቱን መለየት ሐኪሞችን የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። ወንድ ልጃቸው ኮላይተስ ተብሎ መሀል ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል። “ልጄ፣ አንቺ ሕክምና ቤት ስለምትሠሪ አስረጂኝ” አሉኝ። “ልጁን ደም እያስቀመጠው ነው። እነሱ ደግሞ ደም የሚያቀጥን መርፌ ሆዱ ላይ ይወጉታል። ደሙን ሊጨርሱት ነው እንዴ?”

ጥያቄያቸው ልክ ነው። “ሐኪሞቹ ያውቃሉ እማማ፣ አይጨነቁ” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ለእናት ግን አይበቃም። መልሱ ያለው ስለ አንጀት በሽታ ሲወራ ብዙም በማይነሳ ቦታ ነው። የደም ሥሮቹ ውስጥ ነው።

ከትልቁ ደም ቅዳ ጀምሮ በዓይን እስከማይታዩት ካፒላሪዎች ድረስ የእያንዳንዱ ደም ሥር ውስጠኛ ገጽ በሕዋሳት ተሸፍኗል። ሽፋኑ አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ኢንዶቴልየም ይባላል፤ በዚህ ስም የጠራው በ1865 ስዊዘርላንዳዊው ዊልሄልም ሂስ ነው። ሕዋሳቱ ዝም ብለው የተነጠፉ አይደሉም። ደም ሥሩን ያሰፋሉ፣ ያጠባሉ። ደም እንዳይረጋ ይጠብቃሉ፤ ቁስል ሲኖር ደግሞ እንዲረጋ ያግዛሉ። ከደም ወደ ሥጋ ምን እንደሚያልፍ ይወስናሉ። የሰውነት መከላከያ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የት ወርደው ሥራ እንደሚጀምሩም የሚወስኑት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። አንጀት ደግሞ ደም ሥር የሞላበት አካል ነው። ዕረፍት ላይ ሳለን እንኳ ልባችን ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ ወደ ሆድ ዕቃ፣ ማለትም ወደ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጉበትና ጣፊያ ይሄዳል። ምግብ ከበላን በኋላ ይጨምራል።

በ1867 በርሊን ውስጥ ዩሊየስ ኮንሃይም የተባለ ሐኪም አንድ ነገር አደረገ። የእንቁራሪትን አንጀት አንጠልጥሎ የሚይዘውን ስስ ሽፋን ማይክሮስኮፕ ሥር ዘርግቶ ተመለከተ። እንቁራሪቷ በሕይወት አለች፤ ደሟም ይፈሳል። ሽፋኑ መቆጣት ሲጀምር ነጭ ሕዋሳቱ ከደሙ መሀል ወደ ዳር መጡ። ፍጥነታቸው ቀነሰ። ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ከዚያ አንድ በአንድ ግድግዳውን እያለፉ ወጡ። ኮንሃይም ከዚህ ተነስቶ የመቆጣት ዋናው ነገር የደም ሥሩ ግድግዳ መለወጡ ነው አለ። እኔ በማይክሮስኮፕ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር እገረማለሁ። ያየው የሆድ ዕቃ ደም ሥር ነበር፤ ያለውም ዛሬ ድረስ ይሠራል።

ዛሬ ያ ጉዞ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር ይታወቃል። በታክሲ ላስረዳው። ደሙን አስፋልት፣ ነጩን ሕዋስ ታክሲ እንበለው። ታክሲ ታፔላ አለው። ታፔላው “ቱሉ ዲምቱ” የሚል ታክሲ ሰው ለማውረድ ሽሮ ሜዳ አይሄድም። ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ ሕዋሳትም ታፔላ አላቸው። “አንጀት” የሚለው ታፔላ አልፋ አራት ቤታ ሰባት የተባለ ፕሮቲን ነው። ፌርማታው ደግሞ በደም ሥሩ ውስጠኛ ሕዋስ ላይ የቆመ ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ማድካም ይባላል። በአብዛኛው የሚገኘው በአንጀት ደም ሥሮች ላይ ነው። ይህን ፌርማታ በ1988 ለዓለም ያሳወቀው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዩጂን ቡቸር የምርምር ቡድን ነው። ጤነኛ አንጀት ውስጥም ፌርማታው አለ። አንጀት ከምግብና ከባክቴሪያ ጋር ስለሚውል ሁልጊዜ ጥቂት ጠባቂ ይፈልጋል።

መውረዱ ቀስ በቀስ ነው። ቦታውም ከካፒላሪዎቹ ቀጥለው ያሉት ቀጫጭን ደም መልሶች ናቸው። መጀመሪያ ሴሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ነጩን ሕዋስ ያዘገዩታል። ግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። ቀጥሎ ከተቆጣው ቦታ ኬሚካላዊ ጥሪ ይደርሰዋል፤ ኬሞካይን ይባላል። ጥሪው ሲደርሰው ፌርማታውን አጥብቆ ይይዝና ይቆማል። በመጨረሻም በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ቀጥኖ ይሾልካል።

ታፔላው ራሱ የሚሰጠው አንጀት አካባቢ ነው። በዚያ ያሉ አሠልጣኝ ሕዋሳት ከቫይታሚን ኤ የሚሠሩትን ንጥረ ነገር ተጠቅመው ሊምፎሳይቱን “አንተ የአንጀት ነህ” ይሉታል። ይህን ሰምቶ ካሮትና ጎመን ማቆም አያስፈልግም። ቫይታሚን ኤ ለአንጀት መከላከያም ለዓይንም የግድ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። አንጀት ሲቆጣ የመከላከያ ሕዋሳት ቲኤንኤፍ የሚባል መልእክት አድራሽ ፕሮቲን ይረጫሉ። የደም ሥሩ ሕዋስ ቲኤንኤፍ ሲነካው በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል። ማድካም ያበዛል። አይካምና ቪካም የሚባሉ ሌሎች መያዣዎችንም ያወጣል። በየአሥር እርምጃው ፌርማታ ተተከለ ማለት ነው። ብዙ ነጭ ሕዋስ ይወርዳል። የወረደው ተጨማሪ ቲኤንኤፍ ይረጫል። ደም ሥሩም ተጨማሪ ፌርማታ ይተክላል። ተራ ኢንፌክሽን ሲሆን ጀርሙ ይጠፋና ዙሩ ይበርዳል። በኮላይተስና በክሮንስ ግን አይበርድም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባትና ሌሎች ነገሮች ተደራርበው እሳቱን ይቆሰቁሱታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ ለነጭ ሕዋሳቱ ይሰጣል። እኔ ግን ግማሹ ታሪክ የደም ሥሩ ነው ባይ ነኝ። እሱ ካላስቆማቸው በብዛት አይወርዱም።

የደም ሥሩ ሕዋሳት ሌላም ሥራ አላቸው፤ ማገድ። በአንጀታችን ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ አለ። ወደ ሰውነት እንዳይዘልቅ የሚያግደው የአንጀቱ የራሱ ሽፋን መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። በ2015 ጣሊያን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚያ ሽፋን ጀርባ ሌላ እገዳ እንዳለ በአይጥም በሰውም አሳዩ። እገዳው የአንጀት ደም ሥሮች ውስጠኛ ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። ጤነኛ ሲሆን ምግቡን ያሳልፋል፣ ባክቴሪያውን ያስቀራል። ሳልሞኔላ ይህን እገዳ ሲያላላው ባክቴሪያ በደም አድርጎ ጉበት ድረስ ይደርሳል። በ2021 ደግሞ እዚያው ጣሊያን የተሠራ ሌላ ጥናት ወጣ። የአይጦች አንጀት ሲቆጣና የአንጀቱ እገዳ ሲላላ አንጎል ውስጥ ያለ አንድ የደም ሥር እገዳ ከወትሮው በላይ ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ በአይጦቹ ላይ ፍርሃት የሚመስል ጠባይና የማስታወስ ድክመት ታየ። ጥናቱ የአይጥ ነው፤ ወደ ሰው ዘሎ መደምደም አይገባም። ሆኖም ኮላይተስ ያለባቸው ሰዎች ጭንቀት ሲያወሩ “ሆድህን ስታዳምጥ ነው” እያልን ማሳነስ ተገቢ እንዳልሆነ ያስታውሰኛል።

ደሙ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እንይ። ጤነኛ የደም ሥር ሕዋስ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላል፤ ሥሩም ይሰፋል። ይህ ግኝት በ1998 ለሮበርት ፈርቸጎት፣ ለሉዊስ ኢግናሮና ለፈሪድ ሙራድ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ለረጅም ጊዜ በተቆጣ አንጀት ውስጥ ትንንሾቹ ደም ሥሮች በዚህ መንገድ የመስፋት አቅማቸው ይቀንሳል። ደም በሚገባ አይደርስም፤ ኦክስጅን ያንሳል፤ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ኦክስጅን ያነሰው ሥጋ አዲስ ደም ሥር እንዲበቅል መልእክት ይልካል። መልእክቱ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። አዲስ ደም ሥር ይበቅላል፤ ግን የችኮላ ሥራ ነው። ያፈሳል፣ በቀላሉ ይደማል። ነጭ ሕዋስ የሚያስቆሙ መያዣዎችም በብዛት ያበቅላል። እርዳታ ሆኖ የመጣው ነገር መቆጣቱን ይመግበዋል። የአንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን ሲቆስልና እነዚህ ደካማ ሥሮች ሲጋለጡ ሰውየውን ደም ያስቀምጠዋል።

አሁን የእማማን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ጤነኛ የደም ሥር ሕዋስ ደም በገጹ ላይ እንዳይረጋ ይሠራል ብያለሁ። ሲቆጣ ግን ወደ ተቃራኒው ይዞራል። እንዳይረጋ የሚከላከሉትን ፕሮቲኖች ይቀንሳል። በከረጢት አስቀምጦት የነበረውን፣ ፕሌትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ትንንሽ ሕዋሳት የሚያጣብቅ ፕሮቲን ይለቃል። መርጋትን የሚያስጀምረውንም ፕሮቲን ያወጣል። ነገሩ በአንጀት ብቻ አይወሰንም። መልእክቶቹ በደም ስለሚዞሩ የእግርና የሳንባ ደም ሥሮችም ይነካሉ። ስለዚህ ሰውየው በአንጀቱ በኩል ይደማል፣ በእግሩ ደም ሥር ውስጥ ግን ደሙ ሊረጋ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰውነት ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሆናሉ። በ2010 በእንግሊዝ አገር ብዙ ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት እነዚህ ሰዎች ደም የመርጋት አደጋቸው ከሌላው ሰው 3 እጥፍ ያህል እንደሆነ፣ በሽታው በሚነሳበት ወቅት ደግሞ ወደ 8 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል።

ከእግር ተነስቶ ሳንባ ላይ የሚያርፍ የረጋ ደም ይገድላል። ከአንጀት የሚወጣው ደም ግን በአብዛኛው በሐኪም ክትትል ሊያዝ የሚችል ነው። ሆስፒታል ለተኛ ሕመምተኛ ሄፓሪን የሚባለው ደም የሚያቀጥን መርፌ የሚሰጠው ይህ ተመዝኖ ነው። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ለመከላከል የሚሰጥ ነው። አደገኛ የአንጀት መድማትንም ጎልቶ እንደማይጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። ደሙ በጣም የሚወርድ ከሆነ ሐኪሞቹ ያቆሙታል። ለእማማ ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ “መርፌው የሚሰጠው ለአንጀቱ አይደለም፣ እግሩና ሳንባው ላይ ደም እንዳይረጋ ነው።” ነርሷ ስትመጣም አልጋ ላይ እግሩን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ፣ ትንሽ መራመድ ይፈቀድለት እንደሆነ እንዲጠይቁ ነገርኳቸው።

ይህ እውቀት መድኃኒትም ወልዷል። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ለክሮንስ የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍን ይይዛል። የደም ሥሩ ሕዋስ ፌርማታ እንዲያበዛ የሚያዘው መልእክት ተቋረጠ ማለት ነው። ነገር ግን ቲኤንኤፍ የተደበቀ ቲቢን አስሮ የሚያቆይም ፕሮቲን ነው። እንደኛ ቲቢ በብዛት ባለበት አገር መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ሳይደረግ አይታለፍም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ቲኤንኤፍን ትቶ ታፔላውን መሸፈን ነው። ናታሊዙማብ ይህን አደረገ። ችግሩ ወደ አንጀት የሚሄደውንም ወደ አንጎል የሚሄደውንም ታፔላ መሸፈኑ ነበር። አንጎል ጠባቂ ሲያጣ ብዙ ሰው ውስጥ ተኝቶ የሚኖር ጄሲ የሚባል ቫይረስ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ከባድ የአንጎል በሽታ አስነሳ። መድኃኒቱ በ2005 ከገበያ ወጣ፤ በ2006 በጥብቅ ቁጥጥር ተመለሰ። በ2014 የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ ግን የሚሸፍነው “አንጀት” የሚለውን ታፔላ ብቻ ነው። የአንጎሉ ጥበቃ በቦታው ይቆያል። ሥራውን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል፤ ምክንያቱም አዲስ የሚመጡትን እንጂ ቀድመው የወረዱትን አያስወጣም። ታጋሽ መሆን ይጠይቃል። እነዚህ መድኃኒቶች ዋጋቸው ውድ ነው። ብዙ ሰው እጅ የሚደርሱት እንደ ሰልፋሳላዚንና ፕሬድኒሶሎን ያሉት ናቸው። ፕሬድኒሶሎንም (መቆጣትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው) ቢሆን የደም ሥሩን መያዣዎች ይቀንሳል። ግን ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ጉዳቱ ብዙ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ደም ላስቀመጠው ሰው አሜባ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ፕሬድኒሶሎን ቢጀመርለት አሜባው ሊባባስና አንጀቱን ሊበሳው ይችላል። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ተቀብሎ መዋጥ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

እዚሁ በቅርባችን ሊሠራ የሚችል ነገርም አለ። ሰለጠን ያለ ባለሙያ በአልትራሳውንድ የአንጀትን ግድግዳ ማየት ይችላል። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈሩን ይለካል። ዶፕለር የሚባለው የአልትራሳውንድ ስልት በስክሪኑ ላይ በሚያሳየው ቀለም ግድግዳው ውስጥ የሚሮጠውን ደም ያያል። ቀለሙ ሲበዛ መቆጣቱ እንዳለ ይጠቁማል። ኮሎኖስኮፒን አይተካም፤ ለክትትል ግን ይጠቅማል። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ለወገብም ለራስ ምታትም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራሳቸው ገዝተው ባይወስዱ ይሻላል፤ በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ክሮንስ ያለበት ሰው ሲጋራ ቢያቆም በጣም ይጠቅመዋል። የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት በሽታው እንዳለባት ለሐኪሟ ትንገር፤ አንዳንዶቹ ክኒኖች ደም የማርጋት ባሕርይ አላቸው። ረጅም መንገድ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ውሃ ይጠጣ፣ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዶ ይራመድ።

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረትን ከወጋ እስኪነጋ አይጠበቅም። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። እዚያ ሲደርሱም ስለ እግሩ ብቻ አይናገሩ። “የአንጀት ብግነት አለብኝ” ይበሉ። ደረትና እግር የሚያይ ሐኪም ስለ አንጀት ካልተነገረው ሁለቱን ላያገናኛቸው ይችላል።